ጌጁ አልወርድ ሲል፦ የኒዮን ቱቦ መሥሪያ ቫኪዩም ፓምፕና ጌጅ አያያዝ

ቀለሙ ደብዝዞ ወይም እየተርገበገበ የሚመለስ ቱቦ ብዙ ጊዜ አየር ወይም እርጥበት የቀረበት ነው። ቦምባርደር (ቱቦውን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያሞቅ ትራንስፎርመር) ካሞቀው በኋላ፣ ኒዮኑ ከመግባቱ በፊት፣ ጌጁ (የቫኪዩም መለኪያው) ከ5 ማይክሮን በታች መውረድ አለበት (ማይክሮን እዚህ የግፊት መለኪያ ነው፤ 1,000 ማይክሮን 1 ቶር ነው)። እምቢ ካለ ፓምፑን ለመፍታት አትቸኩሉ።

በመጀመሪያ ማኒፎልዱን (ፓምፑን ከቱቦው ጋር የሚያገናኘውን የብርጭቆ መስመር) ዝጉና ጌጁን በአጭር መስመር ከፓምፑ አፍ ጋር ብቻ አገናኙ። ደህና የሆነ ባለሁለት ደረጃ ሮታሪ ፓምፕ ሲሞቅ እስከ ጥቂት ማይክሮን ይወርዳል። ከወረደ ፓምፑን ተዉት፣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ካልወረደ ዘይቱን በመስኮቱ እዩት።

ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። የፓምፑን መግቢያ ዘግታችሁ ጋዝ ባላስቱን (ወደ ፓምፑ ጥቂት አየር የሚያስገባውን ቫልቭ) ክፈቱና 30 ደቂቃ ያህል አስነሥታችሁ ተዉት፤ እንፋሎቱ ከአየሩ ጋር ይወጣል። ባላስቱን መልሶ መዝጋት የሚረሳ ብዙ ነው፣ ክፍት ከቀረ ደግሞ ጌጁ አይወርድም። ዘይቱ ካልጠራ ወይም ከጠቆረ ቀይሩት፣ ፓምፑ ትኩስ እያለ፤ የቀዘቀዘ ዘይት ዝቃጩን ታች ትቶ ይፈሳል። በጥቂት አዲስ ዘይት ለ5 ደቂቃ አስኪዳችሁ ድፉት፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉት። የመኪና ሞተር ዘይት በፍጹም አይሆንም፤ በቫኪዩም ውስጥ ይተናል።

ስታጠፉ ማኒፎልዱን ዝጉ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ ወዲያው በፓምፑ አፍ አየር አስገቡ። አለበለዚያ ዘይቱ ወደ መስመሩ ይሳባል። ዲፊውዥን ፓምፕ (በጋለ ዘይት እንፋሎት የሚሠራ ተጨማሪ ፓምፕ) ካላችሁ ሳይቀዘቅዝ አየር አታስገቡበት፣ ዘይቱ ይበላሻል።

መስመሩን ለመፈተሽ ፓምፑን ከማኒፎልዱ ለዩና ጌጁን ተመልከቱ። ቁጥሩ ሳያቋርጥ እኩል ከጨመረ ቀዳዳ አለ፤ ጨምሮ ጨምሮ ከረጋ እርጥበት ነው። ቀዳዳውን በስፓርክ ቴስተር (የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚያወጣ የእጅ መሣሪያ) ፈልጉ፦ ብልጭታው ቀዳዳው ላይ ይሰበሰባል። አንድ ቦታ ላይ አታቆዩት፣ ስስ ብርጭቆ ይበሳል። በስቶፕኮኩ (በሚዞረው የብርጭቆ መዝጊያ) ግሪስ ላይ መስመር መስመር ከታየ አየር መንገድ አግኝቷል፤ ሙሉ በሙሉ ጠርጋችሁ በስሱ ቀቡት።

የቴርሞካፕል ጌጅ የሚለካው የጋለ ሽቦ በጋዝ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የተስተካከለውም ለአየር ነው። ስለዚህ ኒዮን ስትሞሉ አትመኑት፤ የዲያፍራም ጌጅ ወይም የቡቲል ዘይት ማኖሜትር ተጠቀሙ (በዚህ 13 ሚሊሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ቶር ያህል ነው)። የማክሊዮድ ጌጅም (ጋዙን በሜርኩሪ ጨምቆ የሚለካው) የውሃ እንፋሎትን በትክክል አያሳይም፤ ሲጨመቅ ውሃ ይሆንና መስመሩ ደረቅ ይመስላል። ሜርኩሪ ስላለበት አየር ስታስገቡ በዝግታ ይሁን፣ በኃይል ከተመታ ብርጭቆውን ይሰብራል።

ቦምባርደሩን ከማብራታችሁ በፊት የጌጁን ስቶፕኮክ ዝጉ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ሽቦውን ያቃጥላል። ጌጁ በዘይት ከቆሸሸ ጥቂት አሴቶን ጨምሩበት፣ ሳትነቀንቁ ድፉት፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። ከደረቀ በኋላ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ግጠሙት።