የቦታ ማስያዣ ቅጻችሁን ከቦት ጠብቁ

ጎንደር ውስጥ ፔንሲዮን ወይም የአስጎብኚ ሥራ ያላችሁ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ይህን አድርጉ። ድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን የቦታ ማስያዣ ቅጽ ክፈቱና ሰው መሆንን የሚያረጋግጥ ፈተና እንዳለው እዩ። ካፕቻ ይባላል። ከሌለው ቦቶች፣ ማለትም ቅጽ በራሳቸው የሚሞሉ ፕሮግራሞች፣ የውሸት ስምና ኢሜይል ይሞሉበታል። ፋሲል ግቢ አጠገብ አልጋ የሚፈልገው የእውነተኛ እንግዳ መልእክት በዚያ ክምር ውስጥ ይቀበራል። የአንድ ወዳጄ ቅጽ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ከካፕቻ አገልግሎቶች የጉግል ሪካፕቻም ሆነ የክላውድፍሌር ተርንስታይል በነጻ ይጀመራል። እኔ ተርንስታይልን እመርጣለሁ፤ ሥዕል ምረጡ ሳይል ከጀርባ ያጣራል። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የትራፊክ መብራት ሥዕል እስኪከፈት መጠበቅ እንግዳን ያባርራል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። የካፕቻውን ሳጥን ገጹ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ካፕቻው ሰጥቶ ከቅጹ ጋር የሚመጣውን ኮድ ሰርቨራችሁ (ድረ ገጻችሁ ያለበት ኮምፒውተር) ለካፕቻ አገልግሎቱ መልሶ ልኮ ማረጋገጥ አለበት። ይህ ከተዘለለ ቦቱ ገጹን ሳይከፍት በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ድረ ገጹን የሠራላችሁን ልጅ "ሰርቨር ላይ ይረጋገጣል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሪካፕቻ ኮድ የሚያገለግለው ለ2 ደቂቃ ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ።

ለሰው ዓይን የማይታይ አንድ ባዶ ሳጥንም ቅጹ ውስጥ ይጨመር። ተሞልቶ ከመጣ የሞላው ቦት ነው፤ ይጣል። ስሙን ብቻ "ኢሜይል" ወይም "ስልክ" አትበሉት፤ የእንግዳው ብራውዘር ራሱ ሊሞላው ይችላል።