የተለያዩ የድርጭት ዝርያዎች በአንድ ኬጅ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ አንዷ አናቷ ተመልጦ ደምቷል፣ ሌላዋ ጥግ ይዛ ወደ መኖው አትጠጋም።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ወንዱ ነው፤ በተለይ የጃፓን ድርጭት ወንድ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ያገኘውን ሁሉ ለመስረር ይሞክራል፣ ዝርያ አይመርጥም። ሲሰርር የሴቷን ማጅራት በምንቃሩ ጨምድዶ ይይዛል። እኩያው የሆነች ሴት ጥቂት ላባ ተነቅሎባት ትተርፋለች፤ 40 ግራም ገደማ የምትመዝን ኪንግ ድርጭት ግን ልትሞት ትችላለች። ወንዱን በመልኩ መለየት ካቃተዎት ከጅራቱ ሥር ያለውን እብጠት ቀስ ብለው ጫን ይበሉት። እንደ ተመታ የእንቁላል ነጭ ያለ አረፋ ከወጣ፣ ለመራባት የደረሰ የጃፓን ወንድ ይዘዋል።

መፍትሄ፦ የቆሰለችውን ዛሬውኑ ያውጡ፤ ደም ያዩ ድርጭቶች መንከሳቸውን አይተዉም። ኪንግ ድርጭቶችን በጥንድ በጥንድ ለብቻ ያኑሩ። ለጃፓኖቹ ለ1 ወንድ ከ3 እስከ 5 ሴት ይመድቡ። «ቦታው ሰፊ ከሆነ ይስማማሉ» የሚባለውን እኔ ብዙም አላምንበትም፤ ወንዶቹ እስኪጎረምሱ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ችግር፦ ሲሰርራት በዓይን ታይቷል፣ እንቁላሉ ግን በብርሃን ሲታይ ባዶ ነው።

የጃፓን ድርጭትና ቦብዋይት ስማቸው ቢመሳሰልም ቤተሰባቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ከፋዛን ወገን፣ ሁለተኛው ከአሜሪካ ድርጭቶች ወገን። ከእነሱ ጫጩት አይጠብቁ። የሚዳቀሉት የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፦ የጃፓንና የአውሮፓ ድርጭት፣ የካሊፎርኒያና የጋምበል ድርጭት። የእነዚህ ድቅሎች ራሳቸውም መውለድ ይችላሉ፤ ስለዚህ የጃፓንን ድርጭት ወይም ድቅሉን ወደ ዱር አይልቀቁ፣ የዱሩን ዘር ይበክላል። ወርቃማ፣ ነጭና ዥጉርጉር የጃፓን ድርጭቶች ግን ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው። ከእነሱ ቀለሙ የተለየ ጫጩት ቢወጣ ዲቃላ አይደለም።

መፍትሄ፦ ለሴቷ የራሷን ዝርያ ወንድ ይስጧት። የማን እንቁላል እንደሆነ ከጠፋዎት ቅርፊቱን ይዩ፤ ነጩ አብዛኛውን ጊዜ የቦብዋይት፣ ነጠብጣብ ያለው የጃፓኗ ነው።

ችግር፦ ግማሹ ተፈለፈለ፣ ግማሹ ቀረ።

ኪንግ ድርጭት 16 ቀን፣ የጃፓን ድርጭት 17 ወይም 18፣ ቦብዋይት 23 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የቀረውን ለመጣል አይቸኩሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ቦብዋይቱን 5 ቀን ቀድመው ያስገቡ፣ ቢቻል ግን መፈልፈያውን ይለዩ።

ችግር፦ ቦብዋይቶቹ በድንገት ይሞታሉ፣ ጃፓኖቹ ደህና ናቸው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የአንጀት ቁስለት ነው። ቦብዋይት ለዚህ በሽታ እጅግ ደካማ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ወፍ በኩሱ ሊያስተላልፍበት ይችላል። ነጭ ውሃማ ኩስ፣ የተኮማተረ አካልና የተንጨባረረ ላባ ይታያል፤ አንዳንዱ ግን ምንም ሳያሳይ ሞቶ ይገኛል።

መፍትሄ፦ ዝርያዎቹን ወዲያው ይለያዩ። የሞተውን ሳይቆይ ለእንስሳት ሐኪም ወስደው ያስመርምሩ፤ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው በግምት መድኃኒት አይስጡ። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የተረፉትን ኩሱ ወደ ታች የሚወድቅበት የሽቦ ወለል ላይ ያውጧቸው፤ በአሮጌው መሬት ላይ አዲስ ቦብዋይት አያስገቡ።