የጨርቅ ዳይፐር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታጠባል?

ልጅ ሊወለድ ሲል ሱቅ የገባ ሰው አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት እሽግ ሁሉ ዓይኑን ይስበዋል። «ናቹራል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ግን ውስጡ ምን እንዳለ አይነግራችሁም። እኔ ብትጠይቁኝ፣ ከዳይፐር ጀምሩ እላለሁ። ጨቅላ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 10 ይጨርሳል፤ በወር ወደ 300 ይጠጋል። አንዴ ተለብሶ የሚጣለው ደግሞ በፕላስቲክ የተሞላ ነው።

1. ስንት እንደሚበቃችሁ ወስኑ

በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ቤት 20 ያህል የጨርቅ ዳይፐር ይበቃል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። 10 ግዙና ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ የሚጣለውን አድርጉለት። እኛም ቤት እንደዚያ ነበር።

2. ስትገዙ ውስጡን ዳብሱት

ልጁን የሚነካው ጨርቅ ለስላሳ፣ ውጪው ውሃ የማያሳልፍ ይሁን። ገበሩ የሚወጣውን ምረጡ። አብሮ የተሰፋው በክረምት ሁለት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። አዲስ ጥጥ መጀመሪያ ላይ በደንብ አይመጥም፤ ልጁ ሳይለብሰው አራት አምስት ጊዜ እጠቡት።

3. አስተጣጠቡ ላይ አትሳነፉ

ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት ድፉ። ጨርቁን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡ፣ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አስጡ። በረኪና ላስቲኩን ይበላዋል።

የልብስ ማለስለሻ ደግሞ አታስጠጉት። ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። ሽታው ደስ እንዲል ብዬ ጨመርኩበት። በሳምንቱ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። ልጁን እንዳቀፈችው ነጠላዋ ራሰ። «ውይ ልጄ፣ ይሄ ጨርቅ ነው ወንፊት?» አለችኝ። ማለስለሻው ጨርቁን እንደ ቅባት ይሸፍነዋል፣ መምጠጥ ያቆማል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ከተንከባለለ፣ በሙቅ ውሃ ብቻ ደጋግማችሁ እጠቡት።

አስተጣጠብ ወሳኝ መሆኑን የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አይቶታል። የጨርቅ ዳይፐር ለአካባቢ ያለው ጥቅም በአስተጣጠቡ ይወሰናል። ብዙ አጠራቅሞ ማጠብና ገመድ ላይ ማስጣት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል። በጣም በፈላ ውሃ ማጠብና በማሽን ማድረቅ ያባብሰዋል። የእኛ አገር ፀሐይ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ትውላለች።

4. የቀረውን ቤት ውስጥ ፈልጉት

ለመጥረጊያ አሮጌ ነጠላ በአራት ማዕዘን ቆራርጣችሁ በለብ ያለ ውሃ ማርጠብ ይበቃል። ልብስ ከዘመድ ተቀበሉ፤ ተደጋግሞ የታጠበ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ጡጦ ካስፈለገ የብርጭቆው ይሻላል። ፕላስቲክ ከሆነ ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል የሌለበት መሆኑን እዩ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡጦ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል።

ልጁ ዳይፐር ሲተው፣ ላስቲኩ ያልላላውን አጥባችሁ አስቀምጡ። ለሁለተኛው ልጅ ካልሆነ ለእህታችሁ ልጅ ይሆናል።