አንድ አኒሜ በምንኖርበት አገር በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን እንዴት እናጣራለን?

ኔትፍሊክስ በፌብሩዋሪ 2020 አኒሜ (በጃፓን የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልሞች) የሚያዘጋጀውን የስቱዲዮ ጂብሊን 21 ፊልሞች በየወሩ ሰባት ሰባት እያደረገ ማቅረብ ሲጀምር፣ አዲስ አበባ፣ ለንደን ወይም ዱባይ የሚኖር ደንበኛ ፊልሞቹን በየተራ ከፍቶ ማየት ችሏል። ዋሽንግተን የሚኖር ደንበኛ ግን በዚያው መተግበሪያ የፊልሞቹን ስም ቢፈልግ አያገኛቸውም ነበር። ስምምነቱ አሜሪካን፣ ካናዳንና ፊልሞቹ የተሠሩባትን ጃፓንን አላካተተም፤ የአሜሪካው መብት ለኤችቢኦ ማክስ ተሰጥቶ ስለነበር ፊልሞቹ እዚያ መታየት የጀመሩት በሜይ ወር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ «ይህ አኒሜ የት ይገኛል?» ለሚል ሰው መልስ ከመስጠት በፊት የሚኖርበትን አገር መጠየቅ የግድ ነው። አብዛኛው ተመልካች ፍለጋውን የሚጀምረው የሥራውን ስም ጉግል ላይ በመጻፍ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትም በማስታወቂያ የታጨቁና ፈቃድ የሌላቸው ገጾች ናቸው። ከዚህ ይልቅ የሥርጭት መብቱ ለማን፣ ለየትኛው አካባቢና ለምን ያህል ጊዜ እንደተሸጠ መከታተል እጅግ የተሻለ ነው፤ መንገዱን አንድ ጊዜ የለመደ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትክክለኛው መልስ ላይ ይደርሳል።

መብቱ በማን እጅ ነው?

አብዛኞቹ የቴሌቪዥን አኒሜዎች የሚሠሩት በአንድ ስቱዲዮ ገንዘብ አይደለም። ጃፓኖች «ሴይሳኩ ኢንካይ» በሚሉት የአዘጋጆች ኮሚቴ ውስጥ ታሪኩ የተወሰደበት ማንጋ (የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ) አሳታሚ፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ አንዳንድ ጊዜም የአሻንጉሊት አምራቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ገቢውንም እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላሉ፤ ለውጭ አገር የሚደረገውን ሽያጭ ደግሞ ከአባላቱ አንዱ ይይዛል። ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ በብዙ ሥራዎች ላይ በክፍያ የሚሠራ ተቋራጭ ብቻ ስለሆነ፣ «ለምን ወደ አገራችን አልመጣም?» የሚለውን ጥያቄ ለእሱ ማቅረብ ጉዳዩ የማይመለከተውን ክፍል መጠየቅ ይሆናል። የኮሚቴው ስም ወይም የአባላቱ ዝርዝር በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይና በሥራው ይፋዊ ድረ ገጽ ግርጌ ከቅጂ መብት ምልክቱ ቀጥሎ ይገኛል። ጂብሊ ከሠራቸው ፊልሞች መካከል «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ከላይ በተጠቀሱት 21 ፊልሞች ውስጥ ያልተካተተው መብቱ በሺንቾሻ ማተሚያ ቤት እጅ በመሆኑ ነው፤ ፊልሙ በብዙ አገሮች ወደ ኔትፍሊክስ የገባው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ስቱዲዮው አንድ ሆኖ ሳለ የመብቱ ባለቤት ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሻጩ ዓለምን በአካባቢ በአካባቢ ከፋፍሎ ይሸጣል። አኒሜ በኢንተርኔት የሚያሳየው ክራንቺሮል የተባለ አገልግሎት አዲስ ሥራ ማግኘቱን ሲያስታውቅ መብቱ የሚሸፍናቸውን አካባቢዎች ይዘረዝራል፤ በብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው ዝርዝር ሰሜን፣ መካከለኛና ደቡብ አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ አፍሪካን፣ ኦሽኒያን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና የቀድሞ የሶቪየት ኅብረት አገሮችን የያዘ ነው። ኢትዮጵያ የሚኖር አንባቢ በዚህ ዝርዝር ውስጥ «አፍሪካ» የሚለውን ቃል ሊፈልግ ይገባዋል። ቃሉ ከሌለ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢደምቅ እኛን አይመለከትም። የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ መብት ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለታይዋኑ ሚዩዝ ኮሚዩኒኬሽን ወይም ለሆንግ ኮንጉ ሜዲያሊንክ ሲሆን፣ ሁለቱም «ሚዩዝ ኤዥያ» እና «አኒዋን ኤዥያ» በተባሉ የዩቲዩብ ቻናሎቻቸው ብዙ ሥራዎችን በነፃ ያሳያሉ። ማኒላ የሚኖር ሰው በዩቲዩብ በነፃ የሚያየውን ተከታታይ አዲስ አበባ ያለው ሰው ሊንኩን ሲከፍት «በአገርዎ አይገኝም» የሚል መልእክት የሚያጋጥመው ከዚህ የተነሣ ነው።

የፍለጋው አካሄድ

በመጀመሪያ የሥራውን ስሞች ይሰብስቡ። «አታክ ኦን ታይታን» በጃፓንኛ «ሺንጌኪ ኖ ኪዮጂን» ይባላል፤ «ዲሞን ስሌየር» ደግሞ «ኪሜትሱ ኖ ያይባ» ነው። «ካፕቴን ጹባሳ» በዐረቡ ዓለም «ካፕቴን ማጂድ»፣ በስፔን «ኦሊቨር ኢ ቤንጂ»፣ በፈረንሳይ «ኦሊቭ ኤ ቶም» ተብሎ ታይቷል። በአንድ ስም ብቻ ፈልጎ ያላገኘ ሰው የለም ብሎ መደምደም የለበትም።

ቀጥሎ እንደ ማይአኒሜሊስት፣ አኒሊስት ወይም ላይቭቻርት ባሉ የመረጃ ገጾች ላይ ሥራውን ይክፈቱ፤ ከሥራው ዝርዝር ጋር በሕጋዊ መንገድ የሚያሳዩት አገልግሎቶች ተጠቅሰው ይገኛሉ። ጀስትዋች የተባለው ገጽ ደግሞ አገር ለመምረጥ ያስችላል። እነዚህ ጠቋሚዎች ጥሩ መነሻ ቢሆኑም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደሉም። የመረጃውንም ዕድሜ ልብ ይበሉ፦ የፈኒሜሽን መተግበሪያ በኤፕሪል 2024 ተዘግቶ ሥራዎቹ ወደ ክራንቺሮል ስለተጠቃለሉ፣ ወደ ፈኒሜሽን የሚመራ ምክር ሁሉ ጊዜው አልፎበታል፤ በአውሮፓ ይሠራ የነበረው ዋካኒምም በ2023 ተዘግቷል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚገኘው ከአገልግሎቱ ከራሱ ነው። የክራንቺሮል ድረ ገጽ የሚያሳየው ዝርዝር እርስዎ ያሉበትን አገር ተከትሎ የሚቀርብ ስለሆነ፣ ሳይከፍሉ ገብተው ማየት ይችላሉ። እዚህ ላይ የሥራው ስም መኖሩ ብቻ አይብቃዎት፤ እያንዳንዱን ምዕራፍ፣ የግርጌ ጽሑፉን ቋንቋና የድምፅ ትርጉሙን ለየብቻ ይመልከቱ፤ መብቱ ለየምዕራፉ በተለያየ ውል ሊሸጥ ይችላልና። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ለአንድ አገልግሎት የዓመት ክፍያ ፈጽሜ፣ ስጠብቀው የነበረው ተከታታይ ሦስተኛ ምዕራፍ ባለሁበት አገር እንደማይታይ የተረዳሁት ሁለቱን ምዕራፎች ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ክፍያ የምፈጽመው ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ ለአንባቢም የምመክረው ይህንኑ ነው።

በሳምንት በሳምንት የሚወጣ ሥራ ለሚከታተል ሰው የሰዓት ጉዳይ ይመጣል። የጃፓን ጣቢያዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚተላለፉ ዝግጅቶችን «ቅዳሜ 25፡30» እያሉ ይጽፋሉ፤ ይህም ማለት እሑድ ከሌሊቱ 1፡30 በእነሱ አቆጣጠር ነው። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛም የሰዓት አቆጣጠር ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የቶኪዮ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር ሁልጊዜ እኛ ከምንጠራው ሰዓት ጋር አንድ ይሆናል። ከ25፡30 ላይ 24 ሲቀነስ 1፡30 ይቀራል፤ አዲስ አበባም በዚያው ቅጽበት ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡30 ነው። ቀኑም ሰዓቱም ያለ ስሌት ስለሚገጥም፣ የጃፓንን የዝግጅት ሰሌዳ ማንበብ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከማንም በላይ ቀላል ነው። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ግን ክፍሉን የሚለቁበትን ሰዓት በየራሳቸው ስለሚወስኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥርጭት በኋላ ሊዘገዩ እንደሚችሉ ታሳቢ ያድርጉ።

በሲኒማ ቤት የሚታዩ ፊልሞች ሌላ መንገድ አላቸው። «ዲሞን ስሌየር፦ ኢንፊኒቲ ካስል» በጃፓን መታየት የጀመረው በጁላይ 18 ቀን 2025 ሲሆን፣ አሜሪካ የደረሰው በሴፕቴምበር 12 ነው። ፊልም በቤት ውስጥ ለመመልከት እስኪለቀቅ ደግሞ ተጨማሪ ወራት ማለፋቸው የተለመደ ነው። በዚህ መካከል «ሙሉው ፊልም እዚህ አለ» የሚል ገጽ ቢያገኙ ፈቃድ እንደሌለው አይጠራጠሩ።

በየትኛው ቋንቋ?

ክራንቺሮል ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጣልያንኛ፣ በዐረብኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የግርጌ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ኔትፍሊክስ ደግሞ እንደ አካባቢውና እንደ ተጠቃሚው የቋንቋ ምርጫ ጥቂት ቋንቋዎችን ብቻ አውጥቶ ስለሚያሳይ፣ የተፈለገው ቋንቋ ሲታጣ የፕሮፋይሉን ቋንቋ ቀይሮ መሞከር ይጠቅማል። ካና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሰፊ ተመልካች እንዳፈራ እናውቃለን፤ የአኒሜ ተከታታዮች ግን አሁንም በአብዛኛው ወደ እኛ የሚደርሱት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ይህ ሊለወጥ የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬቶች ወይም በኩዌት የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም በአገር ቤት በናይልሳትና በዐረብሳት ዲሽ ልጅነታቸውን ያሳለፉ፣ የዐረብኛውን መስመር ያውቁታል። «ግሬንዳይዘር» በጁላይ 1978 በፈረንሳይ «ጎልዶራክ» በሚል ስም ታይቶ ልጆችን በእጅጉ ከማረከ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በቤይሩት በዐረብኛ ድምፅ ተሠራ፤ ዝናውም ዛሬ ድረስ ስላልደበዘዘ፣ በ2024 የወጣው አዲሱ «ግሬንዳይዘር ዩ» ሲዘጋጅ የሳዑዲው ማንጋ ፕሮዳክሽንስ ተሳታፊ ሆኗል። ደማስቆ የሚገኘው ቬነስ ማእከል ያዘጋጃቸው የዐረብኛ ትርጉሞች ደግሞ በ2000 ሥርጭት በጀመረው ስፔስቱን ጣቢያ አማካይነት ወደ ብዙ ቤቶች ገብተዋል። እነዚህ ትርጉሞች ለሕፃናት እንዲስማሙ ስም የተለወጠባቸው፣ ትዕይንትም የተቀነሰባቸው ስለሆኑ፣ ሥራውን እንደ ተሠራው ማየት የሚፈልግ ሰው የጃፓንኛውን ድምፅ በግርጌ ጽሑፍ ይምረጥ።

ውል ኖሮ መንግሥት የሚከለክልበት ጊዜም አለ። ፊሊፒንስ በ1979 «ቮልተስ ፋይቭ»ን ከቴሌቪዥን አስወጥታለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2001 ፖኬሞንን አግዳለች፤ የቻይና የባህል ሚኒስቴርም በ2015 «ዴዝ ኖት»ን ጨምሮ 38 ሥራዎች በኢንተርኔት እንዳይታዩ ወስኗል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ሥራው ከዝርዝር ሲጠፋ ምክንያቱን በውል ውስጥ ብቻ አይፈልግ።

ክፍያ፣ ዳታ፣ ዲስክ

በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ ለውጭ አገልግሎት ክፍያ ላያገለግል ስለሚችል፣ ከመመዝገብዎ በፊት ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ስለማግኘት ባንክዎን ይጠይቁ። በውጭ አገር ያለ ዘመድ ቢከፍልልዎትም የሚታየው ዝርዝር የሚወሰነው በተመልካቹ መገኛ እንጂ በከፋዩ አገር አይደለም፤ ኔትፍሊክስ ደግሞ ከ2023 ወዲህ አንድን አካውንት በተለያየ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እንዳይጋሩ ገደብ አድርጓል። ኔትፍሊክስ በሚሰጠው ግምት መካከለኛ ጥራት በሰዓት እስከ 0.7 ጊጋባይት፣ ከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። የአንድ ክፍል ርዝመት 24 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው መካከለኛውን ጥራት መርጦ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድሞ ቢያወርድ ይቆጥባል። ቪፒኤን ተጠቅሞ የሌላ አገር ዝርዝር ለማየት መሞከር የአገልግሎቶቹን ደንብ የሚጥስ በመሆኑ በዚህ መመሪያ አላካተትኩትም።

ዲስክ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የክልል ቁጥሩን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ምልክት) ይመልከት። በዲቪዲ ኢትዮጵያ በክልል 5፣ ጃፓን፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በክልል 2፣ አሜሪካ በክልል 1 ይመደባሉ። በብሉሬይ ግን ጃፓንና አሜሪካ አንድ ምድብ ሲሆኑ፣ እኛ ከአውሮፓ ጋር በሌላው ምድብ ነን። ዘመድ ከዋሽንግተን የላከው ብሉሬይ እዚህ በተገዛ ማጫወቻ እንቢ ቢል የዲስኩ ጉድለት ላይሆን ይችላል።

በጋራ ለመመልከት

በዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ በካፌ ወይም በአዳራሽ አኒሜ በጋራ ማሳየት የሚፈልጉ ወጣቶች የግል ደንበኝነት ለሕዝብ ማሳያ ፈቃድ እንደማይሆን ማወቅ አለባቸው። በማርች 2018 በሜክሲኮ በርካታ ከተሞች «ድራጎን ቦል ሱፐር» ሊያበቃ ሲል ክፍሎቹን በአደባባይ ስክሪን እንደሚያሳዩ ሲያስታውቁ፣ ቶኤይ አኒሜሽን ፈቃድ እንዳልሰጠ በይፋ ገልጿል። የሕዝቡ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ፈቃዱ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

ፈቃድ ለመጠየቅ በአካባቢዎ መብቱን ለያዘው ድርጅት፣ በአካባቢዎ ባለመብት ከሌለ ደግሞ በኮሚቴው ውስጥ የውጭ ሽያጩን ለያዘው አባል በእንግሊዝኛ ይጻፉ። በደብዳቤው ላይ የሥራውን የጃፓንኛና የእንግሊዝኛ ስም፣ የሚታየውን ምዕራፍና ክፍል፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የመቀመጫውን ብዛት፣ መግቢያው በነፃ ወይም በክፍያ መሆኑን፣ እንዲሁም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ማሰብዎን ይግለጹ። ትርጉም ራሱን የቻለ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በራሱ አንቀጽ መጻፍ ይሻላል።