ከትንንሽ ልጆች ረጋ ማለትን መማር የምትፈልጉ፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የማስተምረው፣ እና ብዙ ወላጅ "ቀኑ ሳላውቀው እያለቀ ነው፣ እንዴት ነው ረጋ ብዬ ከልጄ ጋር የምደሰተው?" ይለኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፣ ልጁ ራሱ እኮ ያሳያችኋል። ግን ደጋግሜ የማያቸው ነገሮች አሉ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ጨዋታውን ፈተና ማድረግ ነው። በቀደም አንድ የ3 ዓመት ልጅ በስፖንጅ ውሃ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ያመላልሳል። ይነክራል፣ ያነሳል፣ ይጨምቃል፣ ከዛ የመጨረሻዋ ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ እስክትወድቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እናቱ ልትወስደው መጣችና አጠገቡ ቁጭ አለች፣ እስከዚህ በጣም ጥሩ። ወዲያው ግን "ማሙሽዬ ስፖንጁ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ስንቴ ጨመቅከው? እስቲ ቁጠርልኝ!" ልጁ አየት አደረጋትና ስፖንጁን ጥሎ ሄደ። እባካችሁ! ቀለምም ቁጥርም ይደርሳል፣ ያቺን ጠብታ አብራችሁት ብታዩ ግን እሱ ምንም አይቀርበትም፣ እናንተም ለትንሽ ደቂቃ ከሐሳባችሁ ታርፉ ነበር። ዝም ብላችሁ እዩ፣ እሱ ካወራችሁ ያኔ አውሩ።

ሽልማትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ትንንሽ ልጆችን ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ ብለው ሸለሟቸው፣ በኋላ እነዚህ ልጆች በነፃ ጊዜያቸው የሚስሉት ሽልማት ካልተጠቀሰላቸው ልጆች ያነሰ ሆነ። ልጁ ወዶ የሚሠራውን ነገር ተዉለት።

"በቃ ይሄን አሥሬ አደረግሽው፣ ሌላ ተጫወቺ" ማለት ደሞ ሌላው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ቤቷን የከፈተችው ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንተሶሪ የጻፈችው አለ፣ አንዲት 3 ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ትንንሽ የእንጨት ሲሊንደሮችን ቀዳዳቸው ውስጥ እየከተተች መልሳ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ልጆች ዙሪያዋን ቢዘምሩ፣ ከነወንበሯ ጠረጴዛ ላይ ቢያወጧት አላቆመችም፣ ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግማ ስትጨርስ እፎይ ብላ በደስታ ቀና አለች። እኛን ስለሰለቸን እሷን የሰለቻት ይመስለናል።

ስልክ ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ፦ ይሄን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ስልኩን አስቀምጦ በሐሳብ መንጎድስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ኪሊንግስዎርዝና ጊልበርት ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከነቁበት ጊዜ 47 በመቶ ገደማውን የሚያስቡት ከሚሠሩት ነገር ውጪ ነው፣ በዛ ሰዓት ደሞ ደስታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ሐሳባችሁ ሲሸሽ ራሳችሁን አትውቀሱ፣ የልጁን እጅ እዩና ተመለሱ፣ እጁ ሁሌ የሆነ ነገር እየሠራ ነው።

ከጨዋታ ልታነሱት ስትሉ "5 ደቂቃ ቀረህ" አትበሉት፣ የ3 ዓመት ልጅ ደቂቃ አያውቅም። "ሁለቴ ተንሸራተትና እንሄዳለን" ሲባል ግን ይገባዋል።

ልጅ ሁሌ ደስተኛ ነው ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። ሲከፋው ከልቡ ነው የሚያለቅሰው፣ ሲወጣለት ደሞ ይስቃል። "እሽሽ ምንም አልሆንክም" እያላችሁ አታቋርጡት፣ አጠገቡ ሁኑና ይጨርስ፣ አሁን ላይ መሆን ማለት እኮ ይሄም ነው።

የመጨረሻው፣ ረፍት እስክወጣ ብሎ መጠበቅ። ሥራ ለሚበዛባችሁ ልብስ መልበሻና መታጠቢያ ሰዓት ይበቃል። ልጃችሁ "የጃኬቴን ዚፕ ራሴ ልዝጋ" ካለች ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከቤት መውጫችሁን ቀደም አድርጉና እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቋት። የምትቸኩሉበት ቀን ከሆነ "ዛሬ እኔ ልዝጋልሽ፣ ነገ አንቺ ትዘጊያለሽ" በሏት፣ ነገ ደሞ ቃላችሁን ጠብቁ።