ሳነቴን በመኪና መሻገር፦ ከጎባ እስከ ሪራ

ብዙ ሰው ሳነቴ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለው ከፍተኛ አምባ፣ ሲባል የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገቱ መኪና ያደክማል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እኔን ዛሬም ቀጥ ብዬ እንድቀመጥ የሚያደርገኝ በማዶ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። እንግዳ ይዤ ስመላለስበት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ በዶዶላ በኩል ከመጣችሁ የፓርኩን መግቢያ ዲንሾ ላይ ክፈሉና ደረሰኙን ያዙ። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ሙሉ። ስኮርታ ጎማችሁን ደግሞ አውርዳችሁ እዩት፤ አንዴ ሳላየው ወጥቼ፣ ጎማ ፈንድቶ ልቀይር ስል ስኮርታውም ነፋስ የለውም! ጎሚስታ በሌለበት አምባ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ስጠብቅ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ጃኬት ያዙ፤ በጋም ቢሆን ሌሊት ውርጭ ይጥላል።

ጎባ እደሩ። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነት ትንሽ ይለምዳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐረና በኩል ጉም ይወጣል።

ዳገቱ ላይ መኪናው ጉልበት ሲያጣ አትደንግጡ። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ 60 በመቶ ያህል ነው፤ ሞተሩም እንደናንተ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳያቃስት ማርሽ ቀንሱለት። እዚያ ከፍታ ውኃ በ86 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ማቃጠል ነው።

አምባው ላይ ስትወጡ መንገዱ ይዘረጋል፣ እግርም ነዳጅ ላይ ይከብዳል። እዚህ ነው ቀስ ማለት። ግራ ቀኙ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሟል፣ ቀይ ቀበሮውም መንገዱን ያቋርጣል። በዓለም የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ይኖራል። ማታ ከሚያድኑት አራዊት በተለየ እሱ በቀን ነው የሚያድነው። ካያችሁት ሞተር አጥፉ፣ ከመንገድ አትውጡ፣ ከመኪና አትውረዱ። እሱ ባይመጣ እንኳ ፍልፈሉን ተመልከቱ፦ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጭና ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ይገባል። ትንሽ ወፍ አጠገቡ ቆማ ፍርፋሪ ትለቅማለች። እኔ ከቀበሮው ይልቅ ይህን ማየት እወዳለሁ፤ እንግዶቼ ግን አይስማሙም። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጃቸው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ራሱን የሚያመው ሰው ከሌለ 4,377 ሜትር ወደሆነው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ በመኪና ይወጣል። ራሱን ካመመው ግን ይቅር፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

አሁን ቁልቁለቱ። አምባው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ይወርዳል። ገና ከአፋፉ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ከጠበበ አንደኛ። ፍሬን መታ እያደረጋችሁ ልቀቁ፤ ተጭናችሁ አትቆዩ። መጀመሪያ የወረድኩ ጊዜ እግሬን ሳላነሳ ስሄድ፣ መንገድ ላይ የጫንኳቸው እናት ከኋላ «ልጄ፣ ምን ያረረ ነገር አለ?» አሉኝ። ያረረው የእኔው ፍሬን ነበር። አቁሜ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ እስኪበርድ ጠበቅን። በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ እንዳታፈሱ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጉም ከገጠማችሁ ረጅሙን መብራት አጥፉና በአጭሩ ሂዱ፤ ረጅሙ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚመለሰው። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ፤ ከደሎ መና ጭኖ ለሚወጣ አይሱዙ ቦታ ልቀቁለት። እሱ ከቆመ መነሳት ይከብደዋል።

ሪራ ስትደርሱ ውረዱና መዳፋችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፣ ሳትነኩት። ለብ ካለ በማርሽ ወርዳችኋል። ከፈጀ ግን ሻይ ጠጡ፣ ሁለተኛም ድገሙ፤ ወደ ደሎ መና ገና ቁልቁለት አለ።