ችፌ ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ፣ ከድሬ

ልጄ ችፌ የጀመረው በ7 ወሩ ነው፣ አሁን 6 አመት ሞልቶታል፣ ክርኑ መታጠፊያና ከጉልበቱ ጀርባ ነው ሚብስበት። ለሊት ተኝቶ እያለ ሲያክ ድምፁ ይሰማኛል፣ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አያለሁ። ይሄ ነገር ያለባት እናት ሁሉ ምን እንደምል ታውቃለች።

በ3 ቀን ነቅሎ ይጠፋል ሚላችሁን ሰው አትመኑ። ችፌ ማለት ቆዳው ውሃ መያዝ ሲያቅተው ነው፣ ውሃው ይወጣል ቆዳው ይደርቃል ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ደሞ ሳሙናውም አቧራውም ይገባና ያሳክካል፣ ሲታከክ ይብሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ልጃችሁን አትንኩት ለሚሉ ይሄን ንገሯቸው። ስለዚ ቤት ውስጥ ምንሰራው ዋናው ስራ ውሃውን ቆዳው ውስጥ ማስቀረት ነው።

መጀመሪያ መታጠቢያው። ድሬ እኮ ከሰአት ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ በፀሀይ ይፈላል፣ በዛ ልጅ እንዳታጥቡ፣ ሙቅ ውሃ ያለችውን ቅባት ጠርጎ ነው ሚወስዳት። ጠዋት ወይ ማታ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። የኛ ውሃ ደሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሚሰራ ውሃ ነው፣ ከሳሙና ጋር ሆኖ ቆዳ ያደርቃል፣ ስለዚ ሳሙና ብብት፣ ብሽሽትና እግር ላይ ብቻ፣ እሱም ሽታ የሌለው ይሁን፣ የልብስ ሳሙና በፍፁም።

ከዛ በፎጣ ጠብ ጠብ አርጉት እንጂ አትሹት፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። እኔ ድሮ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነበር ምቀባው፣ ለውጥ ያየሁት ሰአቱን ሳስተካክል ነው። አትሰስቱ፣ ሰውነቱ ሙሉ ለደረቀበት ልጅ በሳምንት 250 ግራም ቢያልቅ ብዙ አይደለም። ቀን በሙቀቱ ወፍራም ቅባት ያልበዋል፣ ላቡ ራሱ ያሳክካል፣ ስለዚ ቀን ስስ አርጉት ማታ ወፈር። የኮኮናት ዘይትም ይሆናል፣ የወይራ ዘይት ግን ሁሉም ይመክራል እንጂ ለደረቀ ቆዳ ጥሩ አይደለም። የኦቾሎኒ ዘይትም የተሰነጠቀ የህፃን ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ በቆዳ በኩል ገብቶ አለርጂ ሊያስጀምር ይችላል፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ ለመብላት ነው።

ማሳከኩ ሲብስበት አጃ አለ። አጃውን እንደ ዱቄት አልማችሁ ፍጩ፣ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና እዩ፣ ውሃው ወተት ከመሰለ ልክ ነው፣ ስሩ ከዘቀጠ ድጋሚ ፍጩት። ከዛ በንፁህ የነጠላ ቁራጭ ቋጥራችሁ የሳፋው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ፣ ልጁ 10 ደቂቃ ይቀመጥበት። መጀመሪያ ግን ክንዱ ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።

ሌላው እኔ ምወደው፣ ማታ ቫዝሊን ከቀባሁት በኋላ የጥጥ ካናቴራ በለብታ ውሃ ነክሬ ጨምቄ አለብሰዋለሁ፣ ከላይ ደረቅ ሌላ ካናቴራ። ለድሬ ሙቀት ደሞ እፎይታ ነው አቦ፣ ሳያክ ነው ሚያድረው። ቁስሉ መግል ከያዘ ግን ይሄን አታድርጉ።

ማይደረገውን ልንገራችሁ። አንዲት ጎረቤት በደግነት መክራኝ ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ክርኑ ላይ አስሬለት አደርኩ፣ ጠዋት ስፈታው ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል፣ ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ! ሎሚና ጤና አዳምም ቀብተው ፀሀይ ላይ ሲወጡ ያቃጥላሉ። እሬት ከሞከራችሁ ቢጫውን ፈሳሽ አፍስሳችሁ ውስጡን ብቻ። ጥቁር ሂና ደሞ ለኢድም ለሰርግም ለነዚህ ልጆች እጅ አይሆንም፣ ጥቁረቱን ሚሰጠው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፣ ክፉኛ ያሳብጣል። ኡንሲ (ሚጨሰውን እጣን) ስታጨሱ ልጁን ከክፍሉ አውጡት፣ ጥፍሩን በየሳምንቱ ቁረጡለት፣ ልብሱ ጥጥ ይሁን።

ስሙ ሳይፃፍበት በትንሽ ቆርቆሮ ሚሸጥ ክሬም አትግዙ፣ አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት ሚያበርድ መድሀኒት) አለ፣ በ2 ቀን ያጠፋውና ቆዳውን ያሳሳዋል። ሀኪም ያዘዘውን ስቴሮይድ ግን አትፍሩ፣ በተባላችሁት ቀን ልክ ከተጠቀማችሁ ይጠቅማል፣ ቫዝሊኑም አብሮ ይቀጥላል።

ቢጫ ቅርፊት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ወይ ድንገት ሚሰራጩ ሚያሙ ትንንሽ ውሃ ቋጣሪ ነገሮች ካያችሁ፣ በተለይ አይኑ አካባቢ፣ በዛው ቀን ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቤተሰቡ በሙሉ ማታ ማታ ጣቱ መሀል ሚያሳክከው ከሆነ ደሞ ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላል፣ የሱ መድሀኒት ሌላ ነው። ሲብስበት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ቀለል ሊልለት ስለሚችል ለሀኪሙ ፎቶውን ታሳዩታላችሁ።